ቤቴስዳ ያለው የኤንአይኤች ሆስፒታል፦ እናቴን ይዤ ስመላለስ ያየሁት

የከተማዋን ስም ስነግራት እማዬ «ቤተ ሳይዳ? መጻጉዕ የተፈወሰባት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እውነትም የሜሪላንዷ ቤቴስዳ ስሟን ያገኘችው በዚያች መጠመቂያ ስም ከተሰየመ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን ስትሰማ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እምቢ ስትል ከርማ «እስቲ ሄደን እንየው» ያለችው ያን ቀን ነው።

እናቴ አሁን የምትታከመው ቤቴስዳ ባለው የኤንአይኤች፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም፣ ሆስፒታል ነው፤ ለካንሰሯ አዲስ መድኃኒት በሚጠናበት ሕክምና ገብታ። ይህን የምጽፈው ዘመድ ወዳጅ ስለዚህ በየቀኑ እየደወለ ስለሚጠይቀኝ ነው። «እውነት ብር አይጠይቁም?» «ሰው ላይ ነው አሉ የሚሞክሩት፣ አትፈሩም?» ለሁሉም በስልክ መመለስ አልቻልኩም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች ይህን ቦታ በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን፣ በቀዩ የሜትሮ መስመር «ሜዲካል ሴንተር» ሲባል እንሰማለን፣ ውስጡ ምን እንዳለ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ሊምፎማ የሚባል የደም ካንሰር ዓይነት ተገኘባት፣ ኬሞ ወሰደች፣ ጠፋ ተባለ፣ እልል አልን። ዓመት ከምናምን ሲሆነው ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ ትታከምበት የነበረው ሆስፒታል፣ ስሙን አልጠራም፣ ሐኪሟ «ለተመለሰ ሊምፎማ አዳዲስ መድኃኒቶች የሚጠኑበት ሕክምና አለ፣ ብትገባበት ጥሩ ነው» አለኝ። ጥሩ ሰው ነው፣ ለእሷ ብሎ ነው ያለው። ግን አስተርጓሚው በስልክ ነበር። ድምፁ ይቆራረጣል። አንድ ትልቅ ሴትዮ እያናገረ መሆኑን እንኳ ሳያጣራ «አንቺ» እያለ ነው የሚቀጥለው። ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ያስረዳውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው፦ «አዲስ መድኃኒት ሊሞክሩብሽ ይፈልጋሉ፣ ትስማሚያለሽ?»

ሊሞክሩብሽ። እማዬ ምንም አላለችም። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ሳስርላት «ልጄ፣ እኔ የላቦራቶሪ አይጥ ነኝ?» አለችኝ። ቤት እስክንደርስ ሁለታችንም አልተናገርንም።

እስከ ዛሬ የምናደድበት ነገር ቢኖር ያቺ አንዲት ቃል ናት። በአማርኛ «ብሽ» እና «ልሽ» መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው። ዘፈኑብሽና ዘፈኑልሽ አንድ አይደለም። ሰውየው ቢያስብበት «ለሕመምሽ የሚሆን አዲስ መድኃኒት ሊያጠኑልሽ» ማለት ይችል ነበር፣ ያም ቢሆን ጎዶሎ ነው፣ ቢያንስ ግን እናቴ ወንበሯን ትታ አትነሣም ነበር።

በዚያ ላይ የደም ምርመራው መጣ። ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ የደም ሴል ቁጥሯ 1,280 ሆነ። እዚያ ያለው ጥናት የሚቀበለው ከ1,500 ጀምሮ ነው። «አትገባም» ተባለ፣ አለቀ። ስለዚህ ቁጥር ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለብን ነገር እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሄድንበት፣ ቤቴስዳ ያለው ሆስፒታል ክሊኒካል ሴንተር ይባላል። የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ኤንአይኤች የምንለው፣ የራሱ ሆስፒታል ነው። ሥራው ምርምር ብቻ ነው፣ ማለትም ማንም የሚታከምበት ሰው የሆነ ጥናት ውስጥ ያለ ነው። በ1953 ነው የተከፈተው፤ የመጀመሪያው ታካሚ የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት የሜሪላንድ ገበሬ ነበር። 200 አልጋ አለው። ግቢው ትልቅ ነው፣ ጥበቃው ጥብቅ ነው፤ መኪናችሁ ይፈተሻል፣ መታወቂያ ትሰጣላችሁ፣ የጎብኚ ወረቀት ደረታችሁ ላይ ይለጠፋል። ለመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውጡ። ሕንፃ 10 ስትገቡ ግን ከላይ በመስታወት ብርሃን የሚወርድበት ሰፊ አዳራሽ ነው የሚቀበላችሁ። እማዬ ቀና ብላ አይታ አማተበች።

እሺ፣ ወደ ስምምነቱ ቀን። ይህችን ቀን ዘርዘር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ።

አስተርጓሚዋ በአካል መጣች፣ ያውም የኛው ሰው። «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ብላ ዝቅ ብላ ጨበጠቻት። አበቃ፣ እማዬ ግማሽ መንገድ መጣች። ሐኪሙ፣ የጥናቱ ነርስ፣ አስተርጓሚዋና እኛ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ተቀመጥን። የስምምነቱ ቅጽ በእንግሊዝኛ ከ20 ገጽ በላይ ነው። እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ሕጉ የሚፈቅደው መንገድ አለ፦ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ አጭር ቅጽ ይሰጠዋል፣ ዋናው ቅጽ በቃል ይተረጎምለታል፣ ምስክር ባለበት ይፈርማል። እማዬ የአማርኛውን ወረቀት መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሐኪሙን አየችው፣ ጠየቀችው፦

«እምቢ ብል ትቀየሙኛላችሁ?»

አስተርጓሚዋ ትንሽ ቆም አለች። ይህን «መቀየም» ወደ እንግሊዝኛ ለመውሰድ ቃል እየፈለገች እንደሆነ ገባኝ። ሐኪሙ ሲደርሰው ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አድርጎ «ፈጽሞ። ዛሬ እሺ ብለው ነገ እምቢ ማለት ይችላሉ፣ ምክንያትም አልጠይቅዎትም፣ ሌላ ሕክምናዎም አይቋረጥም» አላት። እማዬ «እንግዲያው አንድ ሳምንት ስጡኝ፣ የንስሐ አባቴን ላማክር» አለች። ሰጧት። ማንም አልጎተጎታትም፣ ማንም አልደወለም።

በዚያ ሳምንት እኔም የራሴን ፍርሃት ይዤ ነበር። መሥሪያ ቤቴ ያለች አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ወዳጄ ስለ ተስኪጊ ነገረችኝ። ከ1932 እስከ 1972 ድረስ አላባማ ውስጥ ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ወንዶች መንግሥት «እናክማችኋለን» እያለ ሕመማቸውን ብቻ ሲከታተል ኖረ፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ከለከላቸው። ስለዚህ የሰው ፍርሃት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ማናናቅ ነውር ነው። ግን ደግሞ ያ ጉድ ሲጋለጥ ነው በ1974 ሕግ የወጣው፣ ዛሬ እያንዳንዱን ጥናት ከሐኪሞቹ ውጪ ያለ የሥነ ምግባር ቦርድ የሚመረምረው፣ ያ ከ20 ገጽ በላይ የሆነ ወረቀትም የመጣው። ወረቀቱ አሰልቺ ነው። ቢሆንም እያንዳንዱ ገጽ የተከፈለበት ነው።

ብዙ ሰው «ባዶ ክኒን ይሰጧታል» ብሎ አስፈራራኝ። ይህንንም ጠየቅኩ። በእማዬ ጥናት ባዶ ክኒን የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ታካሚ መድኃኒቱን ያገኛል። በካንሰር ጥናት የሚሠራ ሕክምና እያለ ሰውን ባዶ ክኒን አውጦ መተው አይፈቀድም። ደረጃ ሲባል የምትሰሙት ደግሞ እንዲህ ነው፦ 1ኛው ደረጃ መጠኑና ደኅንነቱ የሚታይበት፣ 2ኛው ዕጢውን ያሳንስ እንደሆነ የሚታይበት፣ 3ኛው በብዙ ሰው ላይ ከተለመደው ሕክምና ጋር የሚወዳደርበት። ክሊኒካል ሴንተር የሚበዙት 1ኛና 2ኛ ናቸው። ይህን ሳታውቁ እንዳትገቡ። የትኛው ደረጃ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ።

አሁን ወደዚያ 1,280። የእነሱ ጥናት የሚጠይቀው 1,000 ስለነበር ችግር አልሆነም። ሐኪሙ ግን ቁጥሩን አይቶ «የት ነው የተወለዱት?» አላት። ጎጃም አለች። ወዲያው ዳፊ የሚባል የደም ዓይነት ምርመራ አዘዘላት። ውጤቱ እንደጠረጠረው ሆነ፦ የቁጥሯ ማነስ የተፈጥሮ ነው። ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ በመጡ ብዙ ሰዎች፣ በኛ በኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ የኒውትሮፊል ቁጥር ከተፈጥሮ ዝቅ ይላል፣ ሰውየው ግን ጤነኛ ነው፣ ለኢንፌክሽንም አይጋለጥም። እስራኤል አገር ሐኪሞች ይህን በየመን አይሁዶችና በቤተ እስራኤላውያን ላይ ካዩት ስንት ዓመቱ! በዘር የሚወረስ ነገር ነው፣ ከወባ ጋር በተያያዘ ታሪክ የመጣ። ነገር ግን 1,500 የሚለው መስፈርት የተቀመጠው በአብዛኛው ነጮችን አይቶ ስለሆነ ብዙ ጥቁር ሰው ገና በር ላይ ይመለሳል፣ ወይም የኬሞው መጠን ይቀነስበታል።

እባካችሁ ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ። ወላጃችሁ «ነጭ የደም ሴሏ አነስተኛ ነው» ተብሎ ከጥናት ወይም ከኬሞ ከተመለሰች ዝም ብላችሁ አትውጡ። «የዳፊ ምርመራ ይደረግላት» በሉ። ከመታመሟ በፊት የነበሩ የደም ውጤቶችን ፈልጋችሁ አሳዩ። እማዬ ከአሥር ዓመት በፊት ለሌላ ነገር ባደረገችው ምርመራም ቁጥሯ እንዲሁ ነበር፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ከሐኪሙ ይልቅ ግን በየቀኑ የምናገኛት የጥናቱ ነርስ ናት። ስልኳን ሰጥታናለች፣ ስንደውል ታነሣለች። ክኒኑ ሲጀመር አንድ ደብተር ሰጠቻት፣ በየቀኑ የዋጠችበትን ሰዓት የምትጽፍበት። እማዬ በጣም ጠንቃቃ ናት፣ አንድ ቀን አላሳለፈችም። በሁለተኛው ሳምንት ነርሷ ደብተሩን ስታይ ግንባሯ ተኮማተረ። «ለምንድነው ከሌሊቱ 2 ሰዓት የምትነሣው? እንቅልፍ የላትም?» አለችኝ። አየሁት። 2፣ 2፣ 2 ይላል ከላይ እስከ ታች። እማዬ ጠዋት ቁርሷን በልታ በ2 ሰዓት ነው የምትውጠው፣ በኛ አቆጣጠር ማለት ነው። ለፈረንጁ ግን ያ በኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለው ሆኖ ቁጭ ብሏል! ቀኑንም የጻፈችው በኢትዮጵያ ነው፣ የካቲት ምናምን።

ይህ ቀልድ አይደለም፣ ጥናት ነው። የደም ናሙናው መቼ እንደሚወሰድ የሚሰላው ከዚያ ሰዓት ተነሥቶ ነው። ነርሷ ግን አልተቆጣችም፣ «በሥርዓቱ ጻፊ» አላለቻትም። እስክሪብቶ አንሥታ በደብተሩ ጠርዝ ሌላ መስመር አሰመረች። ለቀን ትንሽ ፀሐይ፣ ለሌሊት ጨረቃ ሣለችላት። «እሷ በለመደችው ትጻፍ፣ እኔ እገለብጠዋለሁ» አለችኝ። እኔ እዚያው ዕንባዬ መጣ። እዚህ አገር 19 ዓመት ኖሬያለሁ፣ አንድ መሥሪያ ቤት የእናቴን ሰዓት እንዳለ ሲቀበል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። የታመመ ሰው አይገደድም ብንላትም አልሰማችም። ክኒኑ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው። ፋርማሲስቷ «ዋናው በየቀኑ በአንድ ሰዓት መሆኑና ከምግብ ጋር መሆኑ ነው» ስላለች ወደ 9 ሰዓት ተዛወረ፣ ከጾም ስትወጣ። ውኃ ግን አይቋረጥም ተባለ፣ ለኩላሊቷ። እዚህ ላይ የንስሐ አባቷ ናቸው ያገዙን፣ «ውኃው መድኃኒት ነው ልጄ፣ ጠጪ» አሏት። ሽሮዋን በ9 ሰዓት በልታ ክኒኗን ትውጣለች።

ነርሷ ሌላም ነገር ጠየቀች፦ «ቤት የምትወስደው ባህላዊ መድኃኒት አለ?» እማዬ ወደ እኔ አየች። ጥቁር አዝሙድ በማር አለ፣ ፌጦ አለ፣ ጤና አዳም በሻይ አለ። ሁሉንም ተናገርን። እንዳትደብቁ። አንዳንዱ ነገር ከካንሰር ክኒኖች ጋር ይጋጫል፣ ግሬፕፍሩት እንኳ የብዙዎቹን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። ጥቁር አዝሙዱን ለጊዜው አስቀምጪው አሏት፣ ምክንያቱን ስላስረዷት አስቀመጠችው።

ገንዘብ። ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ ስካኑ፣ ባዮፕሲው፣ አስተርጓሚው፣ ምንም አንከፍልም። ቢል አይመጣም። መጀመሪያ ላይ ፖስታ ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር፣ አሁን ተውኩት። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ግቢው ውስጥ ሳፍራ የሚባል የቤተሰብ ማረፊያ አለ፣ ሕፃናት ለያዙ ደግሞ የልጆች ማረፊያ የተለየ ቤት አለ። ጥናቱ ሌላ ሆስፒታል ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ መደበኛውን ወጪ ኢንሹራንሳችሁ ነው የሚሸፍነው። ከ2014 ጀምሮ አብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬይድ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ያለው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ በሕግ ይገደዳሉ። «ጥናት ስለሆነ አንሸፍንም» ካሏችሁ ተከራከሩ።

ከመግባታችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባም አለ። ድንገተኛ ክፍል የለውም። ሌሊት ትኩሳት ቢነሣባት የሚቀርባችሁ ሆስፒታል ነው የምትሮጡት፣ ስለዚህ የጥናቱን ወረቀት በቦርሳ ያዙ፣ የድሮ ሐኪማችሁንም አትልቀቁ። ጥናቱ ሲያልቅ የምትመለሱት ወደ እሱ ነው። ደግሞም እንደ ልብ የሚገባበት ቦታ አይደለም፣ ለሕመማችሁ የተከፈተ ጥናት መኖር አለበት፣ መስፈርቱንም ማሟላት አለባችሁ። የምርመራው ብዛት ደግሞ ያደክማል፣ ደም በደም ነው። አስታማሚው ሥራ ይቀራል። እኔ ያለ ደመወዝ የሚሰጠውን የቤተሰብ ሕክምና ፈቃድ ነው የወሰድኩት፣ በዓመት 12 ሳምንት፣ እሱንም በቀን በቀን ከፋፍዬ። ትልቅ ድርጅት ውስጥ ዓመት ከሠራችሁ መብታችሁ ነው።

ይሠራል ወይ ለምትሉኝ፣ የእናቴን አላውቅም፣ ገና መንገድ ላይ ናት። የመጀመሪያው ስካን ዕጢው እንደቀነሰ አሳይቷል። ግን ይህ ቦታ ለሊምፎማ ምን እንደሠራ አንብቤያለሁ። በ2024 የታተመ አንድ የነሱ ጥናት አለ፣ ቫይፖር የሚባል፣ አምስት መድኃኒት አንድ ላይ የሚሰጥበት፣ ሊምፎማቸው ተመልሶ የመጣ ወይም ሕክምና እምቢ ያለ 50 ሰዎች የገቡበት። ከተመዘኑት 48ቱ በ26ቱ ዕጢው በእጅጉ ቀነሰ፣ ከነዚሁ ከ26ቱ ውስጥ በ18ቱ ጨርሶ ጠፋ። ከ2 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 36 በመቶ ናቸው። ይህን ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት ያነበዋል። ሌላ አማራጭ አልቋል ለተባለ ቤተሰብ ግን 36 ትልቅ ነው። ድሮም እንዲህ ነው የተጀመረው፤ በ1956 ሊ እና ኸርትዝ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ሜቶትሬክሴት በሚባል መድኃኒት ከእንግዴ ልጅ የሚነሣ አንድ ክፉ ካንሰር ማዳን ሲጀምሩ፣ ጠጣር ዕጢ በመድኃኒት ብቻ ሊድን እንደሚችል የታየው ያኔ ነው። ያን ጊዜ እሺ ያሉትን ሴቶች ስም ብዙዎቻችን አናውቅም። እማዬ ይህን ስነግራት «ነፍሳቸውን ይማር» አለች።

አገር ቤት ላላችሁም አንድ ነገር። ምርምር ሲባል የግድ ውድ ክኒን አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረገ አንድ ጥናት የጠየቀው ይህን ነው፦ የጡት ካንሰር ያለባቸውና ታሞክሲፌን የሚወስዱ ሴቶች፣ ሠልጥና የምትከታተላቸው ነርስ ብትኖር መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ ወይ? ወሰዱ። ነርስ ካላገኙት የተሻለ ወሰዱ። ይህን ሳነብ ምንም አልገረመኝም፣ እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ለጥናቱ ነርስና ለአስተርጓሚዋ ከ5 አምስት። አስተርጓሚ ስትጠይቁ በአካል ጠይቁ፣ ነፃ ነው፣ ከቀጠሮው ጥቂት ቀን ቀድማችሁ አሳውቁ። ልጆች ራሳችሁ አታስተርጉሙ፣ እኔ ሞክሬው «ሊከፋ ይችላል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር መጨረስ አቅቶኛል።

ሐሙስ ቀጠሮ አለን። ትናንት ማታ ደብተሯን ቦርሳ ውስጥ ልክተት ብዬ ስከፍተው የዚህ ሳምንት ገጽ ሞልቷል፣ 9፣ 9፣ 9። ነርሷ የሣለችው ፀሐይ ባለፈው ገጽ ላይ አልቋል። ከእያንዳንዱ 9 ጎን እማዬ በሰማያዊ እስክሪብቶ የራሷን ፀሐይ ሥላለች፣ ጨረሩ ረጃጅም የሆነ።